የመማር ንድፈ ሐሳቦችን በልጆች የክፍል ተግባር ላይ ማዋል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች በጎንደር ከተማና በዙሪያዋ በሚገኙ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩ መምህራን በጉድኝት (የአጎራባች ትምህርት ቤቶች) ስብሰባም ሆነ በሻይ ሰዓት ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። መልሶቹን የጻፍኩት ለዓመታት ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ካስተማርኩና ከዚያም የሌሎችን ክፍል እየገባሁ የማየት ዕድል ካገኘሁ በኋላ ነው፤ ስለዚህ አንዳንዱ መልስ ከመጽሐፍ፣ አንዳንዱ ደግሞ ከራሴ ስሕተት የተገኘ ነው።

ኮሌጅ ሳለሁ የተማርኩት ንድፈ ሐሳብ ለነገው ክፍለ ጊዜ ምን ይረባኛል?

ንድፈ ሐሳብ የዕለት ዕቅድ አይጽፍም፤ የጻፉትን ዕቅድ የሚፈትሹበትን ጥያቄ ግን ይሰጥዎታል። ጥያቄውም «ልጁ ይህን ተግባር ሲሠራ ስለ ምን እያሰበ ነው?» የሚል ነው። የሁለተኛ ክፍል ልጆች ስለ ተክል ክፍሎች ጥቅም እንዲማሩ ታስቦ ተክል ሥለው ቀለም እንዲቀቡ ቢደረግና ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ 25 ደቂቃው በቀለም ቢያልቅ፣ ልጆቹ ሲያስቡ የቆዩት አረንጓዴው እርሳስ ቀጥሎ ለማን እንደሚደርስ እንጂ ሥር ውኃን እንዴት እንደሚስብ አይደለም። ክፍሉ ሰላም ነው፤ ልጆቹ ደስ ብሏቸዋል፤ በመስኮት አይተው ያለፉት ርዕሰ መምህርም «አሳታፊ ነው» ብለው መዝግበው ይሆናል፤ ትምህርቱ ግን አልተካሄደም። ያንኑ ተክል በሰሌዳ ላይ ሥለው «ሥሩ ቢቆረጥ ቀድሞ የሚጠወልገው የቱ ነው? ለምን?» ብለው ለሁለት ለሁለት እንዲነጋገሩበት ቢሰጧቸው፣ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ልጆቹ የሚያስቡት ስለ ሥር ይሆናል። ከዚህ በታች የማነሣው ሁሉ የዚህ ጥያቄ ዝርዝር ነው።

ከንድፈ ሐሳቦቹ የትኛውን መከተል አለብኝ?

አንዱን ይዞ ሌላውን መጣል አያስፈልግም። ስለ መማር ካጠኑት አራት ታዋቂ ተመራማሪዎች ስኪነር አንድ ድርጊት የሚጠናከረው ወይም የሚዳከመው ድርጊቱን ተከትሎ በሚመጣው ነገር እንደሆነ አስተማረ፤ ፒያዤ ልጅ የራሱ አመክንዮ እንዳለውና የሚማረውም ያ አመክንዮ አልሠራ ሲለው መሆኑን፤ ቪጎትስኪ ልጅ ዛሬ በሰው እርዳታ የሠራውን ነገ ብቻውን እንደሚሠራ፤ ባንዱራ ደግሞ ልጅ ሌላውን አይቶ ብዙ እንደሚማር አሳዩ። ቃላትን ፈጥኖ ማንበብን ለማለማመድ የመጀመሪያው፣ ክፍልፋይን ለማስረዳት ሁለተኛው፣ ድርሰት ለማስጻፍ ሦስተኛው፣ እርሳስ አያያዝንና ችግር አፈታትን ለማሳየት አራተኛው ይበልጥ ይጠቅማል። የትኛው እውነት ነው የሚለውን ክርክር ለዩኒቨርሲቲ መምህራን እንተውላቸው።

ፒያዤ የዕድሜ ደረጃ አስቀምጧል፤ ታዲያ ልጁ ዕድሜው ካልደረሰ ማስተማሩን ልተው?

አይተዉ፤ ይህ በሥልጠና ላይ በብዛት የሚታይ አለመግባባት ነው። ዣን ፒያዤ እ.ኤ.አ. ከ1896 እስከ 1980 የኖረ የስዊዘርላንድ ተመራማሪ ሲሆን፣ ከ2 እስከ 7 ዓመት ባለው ጊዜ ልጆች በዓይን በሚታየው ነገር እንደሚመሩ፣ ከ7 እስከ 11 ዓመት ደግሞ በሚጨበጥ ነገር ላይ ተመሥርተው በአመክንዮ ማሰብ እንደሚጀምሩ አስረድቷል። ይህ ለአንደኛና ለሁለተኛ ክፍል መምህር እጅግ ጠቃሚ መረጃ ነው፤ ምክንያቱም ልጆቹ ያሉት ልክ በመሻገሪያው ላይ ነው።

አንድ ጊዜ በአንደኛ ክፍል ሁለት ተመሳሳይ የሻይ ብርጭቆዎች እኩል ውኃ ሞልቼ ልጆቹ እኩል መሆናቸውን ካረጋገጡ በኋላ፣ የአንዱን ውኃ አፉ በተቆረጠ ቀጭን ሃይላንድ ገለበጥኩት። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠች ልጅ ሳታመነታ «የሃይላንዱ ይበልጣል፤ ወደ ላይ ሄዷላ!» አለች፤ ከክፍሉ የሚበዛውም ተስማማ። «አይደለም፣ እኩል ነው» ብዬ ብናገር ኖሮ ሁሉም «እኩል ነው» ብለው ይደግሙልኝና በልባቸው ግን የሃይላንዱ እንደበለጠ ይቀር ነበር። ከኋላ አንድ ልጅ ተነሥቶ «ቲቸር፣ መልሰው ይገልብጡትና እንየው» አለ። ገለበጥኩት፤ እኩል ሆነ። ልጅቷ ብርጭቆውን ጎንበስ ብላ በዓይኗ ትክክል አየችው፤ ከዚያ ሃይላንዱን አነሣችና «ይሄ ቀጭን ስለሆነ ነው» አለች። ፒያዤ የጻፈው ስለዚህች ቅጽበት ነው። መምህሩ የሚያዘጋጀው ልጁ የጠበቀውና ያየው የሚጋጩበትን ሁኔታ ነው፤ ማስታረቁ የልጁ ድርሻ ነው።

የዕድሜው ድንበር ግን እንደ አጥር መታየት የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1974 ማክጋሪግልና ዶናልድሰን ባሳተሙት ጥናት፣ በሁለት ረድፍ ከተደረደሩ ነገሮች አንዱን ረድፍ ሞካሪው ራሱ ሆን ብሎ ሳይሆን አንድ «ረባሽ» አሻንጉሊት ድብ ሲያዛባው፣ ከ4 እስከ 6 ዓመት ካሉት ልጆች ብዙዎቹ ቁጥሩ እንዳልተለወጠ በትክክል መልሰዋል። ትልቅ ሰው ነገሩን ነክቶ እንደገና «አሁንስ?» ብሎ ሲጠይቅ ልጁ «መልሴን እንድቀይር ነው የተፈለገው» ብሎ ሊገምት ይችላል። በክፍላችንም ትክክለኛ መልስ የሰጠ ልጅ «እርግጠኛ ነህ?» ሲባል ወዲያው መልሱን የሚለውጠው በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል።

«የቅርብ ዕድገት ቀጠና» የሚባለው 60 ልጅ ባለበት ክፍል እንዴት ይሠራል?

ሌቭ ቪጎትስኪ በ37 ዓመቱ እ.ኤ.አ. በ1934 ሲሞት የተወልን ይህ አሳብ፣ ልጁ ብቻውን ከሚችለው በላይ፣ ጨርሶ ከማይችለው ደግሞ በታች የሆነ፣ ትንሽ ቢታገዝ የሚወጣው ሥራ አለ የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ዉድ፣ ብሩነርና ሮስ ከ3 እስከ 5 ዓመት የሆናቸው 30 ልጆች የእንጨት ብሎኮችን ገጣጥመው ፒራሚድ እንዲሠሩ ሲረዱ ያዩትን በጽሑፍ አወጡ፤ የሚሰጠውንም እርዳታ ግንበኛ ከሚቆምበት ርብራብ ጋር አመሳሰሉት። ጎንደሬ ለዚህ ምሳሌ ሩቅ አይሄድም፤ ግንቡ ሲያልቅ ርብራቡ ካልተነሣ ሥራው አልተጠናቀቀም። ብዙዎቻችን ርብራቡን መትከል እንወዳለን፤ ማንሣቱን እንረሳዋለን።

ለምሳሌ ሦስተኛ ክፍል ላይ «ትናንት ምን አደረጋችሁ?» የሚል አጭር ጽሑፍ ስናስጽፍ፣ በመጀመሪያው ሳምንት «ትናንት ወደ ______ ሄድኩ። እዚያም ______ አየሁ። ከዚያ በኋላ ______» የሚል ማዕቀፍ በሰሌዳ ላይ እንጽፋለን። በሁለተኛው ሳምንት «ትናንት»፣ «እዚያም»፣ «ከዚያ በኋላ» የሚሉት ቃላት ብቻ ይቀራሉ። በሦስተኛው ሳምንት ሰሌዳው ባዶ ነው፤ ማዕቀፉ ያስፈለገው ልጅ ግን ከደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ያገኘዋል። በዚህ መንገድ መምህሩ 60 የተለያየ ዕቅድ ሳያዘጋጅ እያንዳንዱ ልጅ የሚያስፈልገውን ያህል ይታገዛል።

ሁለተኛው መንገድ በከተማችን የቆየ ነው። በአብነት ትምህርት ቤት የኔታ ሁሉንም ልጅ በየተራ ራሳቸው አይይዙም፤ ዳዊት የደረሰው ፊደል ለሚቆጥረው ያስቆጥራል፤ ቁም ንባብ የያዘውም ውርድ ንባብ ላይ ያለውን ያርማል። በአቋቋምና በመጻሕፍት ትርጓሜ ስሟ የገነነው ጎንደር ሊቃውንቷን ያፈራችው በዚህ ሥርዓት ነው። በቅርቡ ያወቀ ልጅ የት ቦታ እንደተደናቀፈ ስለማይረሳ፣ ለታናሹ ከመምህሩ ይልቅ የሚቀርብ ረዳት ይሆናል።

የአንድ ለአምስት ቡድን አለን፤ ግን ሁልጊዜ የሚሠራው አንዱ ጎበዝ ልጅ ነው። ምን ይሻላል?

ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም፤ አንድ ሰው ብቻውን ሊጨርሰው የሚችል ሥራ ለአምስት ከተሰጠ አንዱ ይጨርሰዋል። ኤሊዮት አሮንሰን እ.ኤ.አ. በ1971 በአሜሪካ ቴክሳስ፣ ኦስቲን ከተማ፣ ጥቁርና ነጭ ልጆች በአንድ ክፍል መማር በጀመሩበትና ጠብ በበዛበት ጊዜ ያስጀመረው ዘዴ ለዚህ መፍትሔ አለው፦ እያንዳንዱ ልጅ ሌላው የሌለውን ቁራጭ እውቀት ይይዛል።

የጣናን ሐይቅ ትምህርት በዚህ መንገድ አስቡት። ከአምስቱ የቡድን አባላት አንዱ ስለ ዓሣዎቹ፣ አንዷ ስለ ደሴቶቹና ገዳማቱ፣ አንዱ ስለ ታንኳ አሠራር፣ አንዷ ከሐይቁ ስለሚወጣው አባይ፣ አንዱ ስለ እምቦጭ አረም ግማሽ ገጽ ያነባል። መጀመሪያ ከየቡድኑ አንድ ዓይነት ጽሑፍ የደረሳቸው ልጆች ተሰባስበው ይመካከራሉ፤ ከዚያ ወደ ቡድናቸው ተመልሰው ያስተምራሉ። በመጨረሻ የሚጠየቀው ጥያቄ አምስቱንም ቁራጭ የሚፈልግ መሆን አለበት፤ ለምሳሌ «እምቦጭ ቢስፋፋ ዓሣ አጥማጁና ታንኳ ቀዛፊው ምን ይሆናሉ?» የሚል። ዘወትር ዝም የሚል ልጅ እምቦጭን የያዘው እርሱ ብቻ ከሆነ አራቱ ጓደኞቹ ወደ አፉ ያያሉ። ወንበሮቹ በምስማር የተያያዙ ከሆነና ቦታ መቀያየር ካስቸገረ፣ የፊት ረድፍ ልጆች ወደ ኋላ ዞረው ይቀመጡ፤ ጫጫታው ለሁለት ደቂቃ ነው።

ሽልማት መስጠት ተገቢ ነው?

ልጁ ሊሠራው ለማይወደው፣ አጭርና ግልጽ ለሆነ ነገር ሽልማት ይሠራል። ልጁ ለወደደው ነገር ሲሰጥ ግን ሊጎዳ ይችላል። ሌፐር፣ ግሪንና ኒስቤት እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ጥናት፣ መሣል የሚወዱ የአፀደ ሕፃናት ልጆች «ከሣላችሁ የምስክር ወረቀት ትሸለማላችሁ» ከተባሉ በኋላ፣ ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ በነፃ ጊዜያቸው የሣሉት ካልተሸለሙት ልጆች ግማሽ ያህል ጊዜ ብቻ ነበር። ሽልማቱ ሳይነገራቸው በድንገት የተሰጣቸው ልጆች ግን ፍላጎታቸው አልቀነሰም።

ይህን ጥናት ሳላውቅ በፊት ሦስተኛ ክፍል ላይ «አንድ የተረት መጽሐፍ ላነበበ አንድ እርሳስ» ብዬ አስታወቅሁ። በመጀመሪያው ሳምንት የንባብ ማዕዘኑ ሞላ። በሁለተኛው ሳምንት ልጆቹ መጽሐፍ የሚመርጡት በውፍረቱ ሆነ፤ ቀጭኖቹ ሁሉ ተወሰዱ። በአራተኛው ሳምንት እርሳሱ አለቀ፤ ማዕዘኑም ከበፊቱ ይልቅ ባዶ ሆነ። አስቀድሞ ያለ እርሳስ ያነብ የነበረ አንድ ልጅ «ዛሬስ ምን ይሰጣሉ?» ብሎ ሲጠይቀኝ የሠራሁት ጥፋት ገባኝ። አሁን የምመክረው ምስጋናው ስለ ሥራው ዝርዝር እንዲሆን ነው፤ «ጎበዝ፣ ይጨብጨብለት!» ከማለት «የማታውቀውን ቃል ከሥዕሉ ጋር አስተያይተህ ገመትክ» ማለት ልጁን ነገ የሚደግመው ዘዴ ያስይዘዋል። ጭብጨባውም ይቅር ማለቴ አይደለም፤ እርሱ የኛ ክፍል ጨው ነው።

በቃል ማስጠናት ዘመን አልፎበታል?

አላለፈበትም። ያለፈበት ልጁ ምን እንደያዘ ሳያረጋግጡ ማስጮህ ነው። ሄርማን ኤቢንግሀውስ ትርጉም የሌላቸውን ቃላት በራሱ ላይ እያጠና እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ሥራ፣ የተጠና ነገር በብዛት የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና በመጀመሪያው ቀን መሆኑን አሳየ። ሮዲገርና ካርፒክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ጽሑፉን ደግመው ካነበቡት ይልቅ ዘግተው ያስታወሱትን የጻፉት ከሳምንት በኋላ የተሻለ አስታውሰዋል፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ግን ደግመው ያነበቡት ይበልጡ ነበር። መምህርን የሚያታልለውም ይኸው ነው፦ ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ሲል ሁሉም ያወቀ ይመስላል።

የፊደል ገበታን እንይ። 33 ፊደላት በሰባት ቤት ሲረቡ 231 ይሆናሉ። ልጁ «ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ» እያለ በዜማ ሲወርድ ፊደሉን ለይቶ ሳይሆን ዜማውን ተከትሎ ሊሆን ይችላል፤ በመካከል «ሄ»ን ቢጠቁሙት ከ«ሀ» ጀምሮ ካልቆጠረ አያገኘውም። የጥንት መምህራኖቻችን ይህን ስላወቁ ነው ከሀሁ ቀጥሎ አቡጊዳን ያስቆጠሩት፦ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ»። ድምፁ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ በሥርዓቱ ይሄዳል፤ ፊደሉ ግን በየርምጃው ስለሚለወጥ ዜማው ብቻውን አያድንም። ስለ ማስታወስ የተደረገ ጥናት ሳያነቡ መፍትሔውን ያገኙት ሊቃውንት ናቸው። በክፍልዎ ይህን ለመሥራት 20 ቆርኪ ላይ ፊደል ጽፈው በከረጢት ውስጥ መጨመር ይበቃል፤ ልጁ እጁን ሰዶ ያወጣውን ፊደል ይጠራና በዚያ የሚጀምር ቃል ይናገራል። ትናንት የተሳሳተባቸው ቆርኪዎች ዛሬም ከረጢቱ ውስጥ ይገባሉ፤ ከሳምንት በኋላም እንደገና።

ልጆችን «በማየት የሚማር»፣ «በመስማት የሚማር» ብዬ ልከፋፍላቸው?

አይከፋፍሏቸው። ፓሽለርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2008 ጥናቶቹን ሲመረምሩ፣ ልጅን በ«ስልቱ» መድቦ ማስተማር ውጤቱን እንደሚያሻሽል የሚያሳይ በቂ ማስረጃ አላገኙም። መንገዱን የሚወስነው የትምህርቱ ጠባይ ነው፤ ካርታ ይታያል፣ ዜማ ይሰማል።

መርጃ መሣሪያ የለንም። የሚጨበጥ ነገር ከየት እናምጣ?

ጀሮም ብሩነር ልጅ አንድን ነገር በእጁ በመሥራት፣ ከዚያ በሥዕል፣ ከዚያ በምልክት እንደሚወክል አስተምሯል። ሁለተኛ ክፍል ላይ 52 ሲቀነስ 27ን ለማስተማር የሚያስፈልገው ቀጫጭን እንጨትና ክር ነው። ልጆቹ አሥር አሥሩን እያሰሩ አምስት እስርና ሁለት ነጠላ ያዘጋጃሉ። ከሁለቱ ሰባት ለማንሣት ሲሞክሩ አይበቃቸውም፤ ከአምስቱ እስር አንዱን መፍታት ግድ ይሆናል። «መበደር» የምንለው ያ ክር ሲፈታ ነው። በማግስቱ እንጨቱን ትተው እስሩን በረጅም መስመር፣ ነጠላውን በነጥብ ይሥላሉ፤ ቁጥሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ብዙ ጊዜ የምናየው ውድቀት ከእንጨቱ በቀጥታ ወደ ቁጥር መዝለል ወይም ሰሚስተሩን ሙሉ ከእንጨቱ ጋር መቆየት ነው።

የቀረው ሁሉ በደጃችን ነው፦ ጠጠር፣ ቆርኪ፣ ጣሳ፣ ሰኞ ማክሰኞ፣ ገበጣ፣ እንቆቅልሽ። ቅዳሜ ገበያ ደርሶ የመጣ ልጅም የሽንኩርትና የበርበሬ ዋጋ ከመጽሐፉ ምሳሌ የበለጠ ያውቃል።

ፋሲል ግቢን ማስጎብኘት ትምህርት ነው ወይስ ሽርሽር?

ልጆቹ ግቢውን በየቀኑ በውጭ በኩል ስለሚያልፉበት፣ ያለ ጥያቄ ከገቡ ሽርሽር ብቻ ይሆናል። ጉብኝቱ የሚጀምረው ከሦስት ቀን በፊት በትምህርት ቤቱ ሜዳ ነው። ልጆቹ በሜትር 10 ሜትር ለክተው በስንት ርምጃ እንደሚጨርሱት ይቆጥራሉ፤ 20 ርምጃ የወሰደበት ልጅ ርምጃው ግማሽ ሜትር መሆኑን ያገኛል። የግቢው አጥር 900 ሜትር ያህል እንደሚረዝም ይነገራቸውና «አንተ ብትዞረው ስንት ርምጃ ይሆናል?» ይባላሉ። 1800 ብሎ የገመተ ልጅ በጉብኝቱ ቀን በአንድ ጎን ብቻ እየቆጠረ ሲሄድ፣ ቅጥሩን ከዚያ በፊት አይቶት እንደማያውቅ ሆኖ ያየዋል።

ውስጥ ሲገቡ ሁለት ነገር ብቻ ይበቃል፤ አሥር ነገር አሳይቶ ምንም ሳያስይዙ ከመመለስ ይሻላል። አፄ ፋሲል ከ1632 እስከ 1667፣ ቀዳማዊ ኢያሱ ከ1682 እስከ 1706 እ.ኤ.አ. ነገሡ። ልጆቹ የሁለቱን ቤተ መንግሥት ቆመው እያዩ አንድ የሚመሳሰልና አንድ የሚለይ ነገር ይሥላሉ፤ በሁለቱ ዘመን መካከል ያለውንም ዓመት ያሰላሉ። በፋሲል ቤተ መንግሥት ማዕዘናት ላይ ያሉትን አራቱን ክብ ማማዎች የማይሥል ልጅ አላጋጠመኝም። ክፍል ሲመለሱ ደብተር ሳይገልጡ የሚያስታውሱትን ይጻፉ፤ ምክንያቱን ከላይ አይተናል።

ይህን ሁሉ በዕለት ዕቅዱ ቅጽ ላይ የት ልጻፈው?

ቅጹ «የመምህሩ ተግባር» እና «የተማሪው ተግባር» የሚሉ ዓምዶች አሉት፤ ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ላይ «ያዳምጣሉ፣ ይጽፋሉ፣ ይወያያሉ» ተብሎ ይሞላል። እነዚህ ከውጭ የሚታዩ ናቸው። ከእያንዳንዳቸው ጎን ልጁ የሚያስበውን በአንድ ግስ ይጨምሩ፦ ያነጻጽራል፣ ይገምታል፣ ያስታውሳል፣ ምክንያት ይሰጣል። ግሱ የማይገኝለት ተግባር ካጋጠመዎ ተግባሩን ይቀይሩት። ባለፈው መስከረም ከአንዲት የአንደኛ ክፍል መምህርት ጋር ተቀምጠን የሳምንቱን ዕቅድ በዚህ መንገድ ስንፈትሽ፣ ከ12 ተግባራት አምስቱ ግስ አጡ፤ ከአምስቱ ሦስቱ «ከሰሌዳ ይገለብጣሉ» የሚሉ ነበሩ። ሦስቱንም አልሰረዘቻቸውም። «ሰሌዳውን አንብበው ይዘጋጃሉ፤ እኔ እሸፍነዋለሁ፤ ያስታወሱትን ይጽፋሉ፤ ከዚያ ገልጬው ያርማሉ» ብላ ጻፈች፤ የጨመረችው ዕቃ ሰሌዳውን የምትሸፍንበት አንድ ነጠላ ብቻ ነበር።